የሠራተኛ ማኅበራትን ታሪክ በክፍል ውስጥ ማስተማር፦ ለታሪክና ለዜግነት ትምህርት መምህራን

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የኢትዮጵያ ሠራተኛ በታሪክ ትምህርት ውስጥ ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የ1966ቱ አብዮት ሲነሣ ነው፤ እዚያም ከታክሲ ነጂዎች፣ ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከወታደሮች ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠርቶ ያልፋል። ተማሪው ይዞት የሚወጣው ሠራተኞች በአንድ ወቅት ተቆጥተው ሥራ ማቆማቸውንና ከጥቂት ወራት በኋላ ዘውዱ መውደቁን ብቻ ነው። አድማውን የጠራው ማኅበር ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደመራው፣ ከአሠሪዎች ጋር ስንት ዓመት ሲደራደር እንደቆየ፣ ሕግ መቼ እንደፈቀደለትና መቼ እንደነሣው የሚነግረው የለም። ይህ መመሪያ ያንን ክፍተት በአምስት ወይም በስድስት ክፍለ ጊዜ ለመሙላት ለሚፈልግ መምህር የተጻፈ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ከአድማ እንዳይጀምሩ ነው። አድማ ጎልቶ የሚታይ ድርጊት ስለሆነ ለመተረክ ይቀላል፤ የማኅበር ዕድሜ የሚያልቀው ግን መዋጮ በመሰብሰብ፣ ቃለ ጉባኤ በመያዝ፣ ተወካይ በመምረጥ፣ ያለ አግባብ ከሥራ ለተሰናበተ አባል በመከራከርና ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት በመፈራረም ነው። አድማውን ብቻ ያየ ተማሪ ማኅበርን ወይ እንደ ሁከት ወይ እንደ ጀግንነት ይቆጥረዋል፤ ሁለቱም ተቋሙ እንዴት እንደሚሠራ አያስረዱትም። ስለዚህ ትምህርቱ ከሥራ ቦታ ተነሥቶ ወደ ድርድር፣ ከድርድርም ወደ ፖለቲካ ቢሄድ ይመረጣል።

በአቅራቢያ ካለ የሥራ ቦታ መነሣት

የመጀመሪያው ውሳኔ የትኛውን የሥራ ቦታ እንደሚመርጡ ነው። ድሬዳዋ የሚያስተምር መምህር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ አብራው ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ የገባው ከብዙ መዘግየት በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። የባቡሩ ዋና የጥገና ቦታ ድሬዳዋ ስለነበረ ብረት ቀጥቃጩ፣ መካኒኩ፣ አናጢውና ባቡር ነጂው በአንድ ግቢ ይውሉ ነበር፤ ሰዎች አንድ ዓይነት ችግር እንዳለባቸው የሚገነዘቡት ደግሞ እንዲህ ባለ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የባቡር ሠራተኞች የመረዳጃ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ሥራ ሲያቆሙ ግን መንግሥት በኃይል በተናቸው። ሠራተኛን የሚያደራጅ ሕግ በአገሪቱ ከመውጣቱ በፊት የሆነ ነገር በመሆኑ ለትምህርቱ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ማኅበር ከሕግ በፊት ሊኖር እንደሚችል ያሳያልና። ባሕር ዳር ያለ መምህር ደግሞ ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሊይዝ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው አቃቂንና ለገሃርን ያገኛል።

በአቅራቢያቸው ፋብሪካ ለሌላቸው፣ በእኔ እምነት ለአገር አቀፍ ትምህርት ከሁሉ የሚሻለው የወንጂ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ይይዛል። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ የቀድሞ ይዞታው የተናጋበት ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር፣ የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሠማሩበት በነበረው ሜዳ ላይ አገዳ ተከለ፤ ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። አገዳ ለመቁረጥ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሰው በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ስለዚህ በአንድ እርሻ ላይ መሬቱን ያጣው፣ ከሩቅ መጥቶ በወቅት የሚቀጠረው፣ በፋብሪካው ውስጥ ቋሚ ሥራ ያለውና የሚያዝዘው የውጭ አገር ሰው ተገናኙ። ተማሪዎችን በአራት ቡድን ከፍለው እያንዳንዱ ቡድን ከእነዚህ አንዱን ይዞ ሦስት ጥያቄ እንዲመልስ ያድርጉ፦ ይህ ሰው ለስንት ጊዜ ተቀጠረ? ቅሬታ ቢኖረው ለማን፣ በምን ቋንቋ ያቀርባል? ነገ ቢሰናበት ወዴት ይመለሳል? መልሶቹን ጎን ለጎን ሲያዩ ለምን ቋሚው የፋብሪካ ሠራተኛ ለመደራጀት እንደቀደመና አገዳ ቆራጩ ለምን እንደዘገየ ራሳቸው ይደርሱበታል።

በወንጂ ሌላ ሊታለፍ የማይገባ ጉዳይ አለ። የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ብዙ ፍሎራይድ ስላለው የጠጡት ልጆች ጥርስ በልዞ ይቀራል፤ ለረጅም ዓመታት የጠጡትን ሰዎች ደግሞ አጥንታቸውን እያደረቀ ጀርባቸውን ያጎብጣል። በእርሻው ለብዙ ዓመታት የሠሩ ሰዎች ላይ ይህ በሐኪሞች ተጠንቶ ተረጋግጧል። ታሪኩን ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ መምህራን ጋር በጋራ ማስተማር ይቻላል፤ ለታሪክ ክፍሉ የሚተርፈው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ የሚጠጣ ውኃ የድርድር ጉዳይ ነው ወይስ አይደለም? ተማሪዎች የሠራተኛ ጥያቄ ደመወዝ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባቸው በዚህ ጊዜ ነው።

እድርን እንደ መግቢያ

በቤተሰቡ ውስጥ እድር የማያውቅ ተማሪ ከስንት አንድ ነው። አባላት ይመዘገባሉ፣ ወርኃዊ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ የቀረ ይቀጣል፣ ችግር ላይ የወደቀ ይረዳል። ሠራተኞች ሕጋዊ ማኅበር ከመፈቀዱ በፊት በየድርጅቱ የተሰባሰቡት በአብዛኛው በዚህ መልክ፣ በመረዳጃ ማኅበርነት ነበር። ተማሪዎች የወላጆቻቸውን እድር መተዳደሪያ ደንብ ይዘው ወይም ጠይቀው እንዲመጡ ያድርጉ፤ ከዚያም በሰሌዳው ላይ እድሩ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ዘርዝረው ያውጡ። እድር ሲሞት ይቀብራል፣ ሲታመም ይጠይቃል፤ ከአሠሪ ጋር ግን አይደራደርም፣ ደመወዝ ለማስጨመርም ሥልጣን የለውም። የመረዳጃ ማኅበሩ ወደ ሠራተኛ ማኅበርነት የተለወጠው ይህንን መስመር ሲሻገር ነው፤ መንግሥትም የተቆጣው በዚያው ጊዜ ነው። ለዚህ ከግማሽ ክፍለ ጊዜ በላይ አያስፈልግም።

ሰነዱን በእጃቸው ማስያዝ

ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመ በመሆኑ፣ ታሪክን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየተማሩ በአማርኛ ለሚያስቡ ተማሪዎች ከማንኛውም ማጠቃለያ የተሻለ መሣሪያ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማከፋፈል ይበቃል።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያስይዟቸው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጹ የሠራተኛ ማኅበር የማቋቋምን መብት ጠቀሰ። መብቱን በሥራ ላይ የሚያውል ሕግ እስኪወጣ ግን ሰባት ዓመት ያህል አለፈ፤ የሥራ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 እ.ኤ.አ. በ1962 ታወጀ፣ በሚቀጥለውም ዓመት በአዋጅ ቁጥር 210 ተተካ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢሠአማ፣ ሃያ ሁለት የሠራተኛ ማኅበራትን ይዞ ዕውቅና አገኘ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ከኤች.ቪ.ኤ. ሠራተኞች መካከል የወጡ ነበሩ፤ ወንጂን አስቀድመው ያስተማሩ መምህር ይህን ሲጠቅሱ ተማሪዎቹ ቦታውን ወዲያው ያስታውሱታል።

አሁን ጥያቄውን ይጣሉላቸው፦ መንግሥት ለሰባት ዓመት ያቆየውን ነገር ያን ጊዜ ለምን ፈቀደ? ማስረጃ እንዲሆናቸው አራት ነገሮችን ይስጧቸው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ከሽፏል። አገሪቱ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አባል ነበረች፤ ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የወጡትን 87ኛውንና 98ኛውን ስምምነቶች ግን ያጸደቀችው ማኅበሩ ዕውቅና ባገኘበት በዚያው በ1955 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። በየፋብሪካው የሥራ ማቆም ሙከራዎችም እየበዙ ሄደው ነበር። ተማሪዎች ከእነዚህ መካከል ክብደት የሚሰጡትን መርጠው ይከራከሩ፤ ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት መሆናቸው ብቻውን አንዱ የሌላው ምክንያት ነው እንደማያሰኝ ግን ሳያሳስቡ አይለፉ። ይህ ክርክር ለታሪክ አስተሳሰብ ከአሥር ገጽ ማስታወሻ ይበልጣል።

የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ሲያነሡ ኤርትራን መዝለል ታሪኩን ያጎድለዋል። በፌዴሬሽኑ ዘመን በዚያ የነበረው የሠራተኛ እንቅስቃሴ ከመሀል አገሩ ይቀድም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተውን የሠራተኞች ማኅበር የመሩት ወልደአብ ወልደማርያም ብዙም ሳይቆይ የግድያ ሙከራ ተደረገባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በአሥመራና በምጽዋ የተደረገው አጠቃላይ አድማም በጥይት ተበተነ። አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ ግን ይኑር።

ድርድሩን በክፍል ውስጥ ማካሄድ

የትምህርቱ እምብርት ይህ ስለሆነ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይመድቡለት። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አሥር ጠረጴዛ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሦስት ተማሪዎች አሠሪውን፣ ሦስቱ ማኅበሩን ይወክላሉ። ጉዳዩ የምናብ ፋብሪካ ነው፦ አራት መቶ ሠራተኞች ያሉት የጨርቃ ጨርቅ ድርጅት፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሴቶች፣ በሦስት ፈረቃ የሚሠራ። የማኅበሩ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ የደመወዝ ጭማሪ፣ ሌሊት ለሚወጡት የትራንስፖርት ሰርቪስ፣ እንዲሁም ባለፈው ወር የተሰናበተች የማኅበር ተወካይ ወደ ሥራዋ መመለስ።

ለእያንዳንዱ ወገን ሌላው የማያየው ካርድ ይሰጣል። የአሠሪው ካርድ የጥጥ ዋጋ መጨመሩን፣ ነገር ግን ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ትልቅ ትዕዛዝ በስድስት ሳምንት ውስጥ መድረስ እንዳለበት ይገልጻል። የማኅበሩ ካርድ ደግሞ ሁለት ሠራተኞች ሌሊት ከፋብሪካ ሲወጡ መንገድ ላይ መዘረፋቸውን፣ በማኅበሩ ካዝና ያለው ገንዘብ ግን አባላቱን ከሦስት ቀን አድማ በላይ እንደማያቆይ ይናገራል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ወገን ጉልበትም ድክመትም ይኖረዋል። መመሪያው አንድ ብቻ ነው፦ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አንድ ገጽ የኅብረት ስምምነት ተፈርሞ መቅረብ አለበት፤ ካልሆነም ሁለቱ ወገኖች ያልተስማሙበትን ነጥብ በአንድ ላይ ጽፈው ይፈርሙበት።

ማኅበሩን የወከሉት ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ «ሥራ እናቆማለን» ብለው ይጀምራሉ፤ አሠሪዎቹም «እናባርራችኋለን» ብለው ይመልሳሉ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛው ይዘጋል። በዚህ ጊዜ መምህሩ ሥራውን ሁሉ አስቁሞ፣ ማንኛውም ወገን ሌላ ቃል ከመናገሩ በፊት ለሌላው ሁለት ጥያቄ እንዲያቀርብ ማዘዝ አለበት። አብዛኞቹ ጠረጴዛዎች የትዕዛዙን ቀነ ገደብና የመንገዱን ዝርፊያ የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው፤ ሰርቪሱም ከደመወዙ በፊት ስምምነት ያገኛል። የተሰናበተችው ተወካይ ጉዳይ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ይቀራል። ከድርድሩ በኋላ ይህን ሳይሸፋፍኑ ያንሡት፦ ለአራት መቶ ሰው ጭማሪ ለማግኘት የአንዷን ጉዳይ መተው ተገቢ ነበር? ነገ ለተወካይነት የሚቆመው ማን ይሆናል?

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የማጽደቂያው ነው። የማኅበሩ ተደራዳሪዎች ስምምነቱን ይዘው ወደ «አባላቱ»፣ ማለትም ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተማሪዎች ሄደው ማስረዳትና ድምፅ ማግኘት አለባቸው። ውድቅ የሚሆንባቸው ይኖራሉ። ማኅበር ከአሠሪው ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ አባላትም ጋር እንደሚደራደር፣ መሪ መሆንም ከሁለት ወገን መጠየቅ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ሰዓት ነው።

ከሒሳብ መምህሩ ጋር ለመሥራት ዕድሉ እዚሁ አለ። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያን በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ ላይ አስልቶ ይደነግጋል፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። የሰዓት ደመወዟ 20 ብር የሆነ ሠራተኛ ሚያዝያ 23 ቀን አራት ሰዓት ትርፍ ብትሠራ ስንት ይገባታል? መልሱ 200 ብር ነው፤ በምናቡ ፋብሪካ የወር ደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ 120 ብር ብቻ ተጽፎ ቢገኝ ቀጣዩ እርምጃ ምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ይጻፉ።

የ1966ቱን አድማ በቦታው ማስቀመጥ

ከዚህ በኋላ አድማው ሲመጣ ትርጉም ይኖረዋል። የነዳጅ ዋጋ ንሮ፣ በወሎና በትግራይ ረሃብ ሕዝብ አልቆ፣ በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን «የትምህርት ዘርፍ ግምገማ» የተባለውን የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት በዚያው ሰሞን ቆሙ። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። በፕሬዚዳንቱ በየነ ሰሎሞንና በዋና ጸሐፊው ፍሥሐ ጽዮን ተኪኤ የሚመራው ኢሠአማ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የጠራው የካቲት 28 ቀን ነው፤ አድማው አራት ቀን ቆይቶ ከአዲሱ የእንዳልካቸው መኮንን መንግሥት ጋር በተደረሰ ስምምነት መጋቢት 2 ቀን ቆመ። ከስምምነቱ በኋላም የየድርጅቱ አድማ ለሳምንታት ቀጠለ።

ይህን ሲያስተምሩ የራስዎን ሙያ አይርሱ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ከኢሠአማም ይቀድማል። ተማሪዎች የሚያውቁት የመጀመሪያው የተደራጀ ሠራተኛ ፊት ለፊታቸው ጠመኔ ይዞ የቆመው ሰው ነው፤ ይህን ደብቆ ስለ ፋብሪካ ብቻ ማውራት የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

ለውይይት ደግሞ ይህን ቁጥር ያቅርቡ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኢሠአማ 167 አባል ማኅበራትና 80,000 ያህል አባላት ነበሩት፤ ይህም መደራጀት ከሚችለው ሠራተኛ ሠላሳ በመቶ ገደማ ነው። በሚሊዮን ከሚቆጠረው ገበሬ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ታዲያ መንግሥት ለምን ከእርሱ ጋር ለመፈራረም ተገደደ? ተማሪዎች የሥራውን ዓይነት እንዲያስቡ ይርዷቸው፦ መብራት፣ ባንክ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ስኳር። የጥቂት ሰዎች እጅ መታጠፍ የሚያስከትለው ነገር በቁጥራቸው አይለካም።

ከአብዮቱ በኋላ የሆነውን በጥንቃቄ

ኢሠአማ ንጉሡን ከተቃወሙት አንዱ እንደነበረ ሁሉ ወታደሩን ሥልጣን ለሕዝብ አስረክብ ካሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ደርግ በግንቦት 1967 ዓ.ም. ዋና ጽሕፈት ቤቱን ዘጋ፤ በመስከረም 1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ወረቀት ሲበትኑ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ሰዎች ሞቱ፣ በከተማዋም የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በዚያው ዓመት ማኅበሩ ፈረሰ። በጥር 1969 ዓ.ም. በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ 1,341 የሥር ማኅበራትና 287,000 አባላት እንዳሉት ተነገረ።

ሁለቱን ቁጥሮች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ፦ 80,000 እና 287,000። «የትኛው ማኅበር ጠንካራ ነበር?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። መጀመሪያ የሚነሣው እጅ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል፤ ከዚያም መሪውን ማን መረጠው፣ አድማ መጥራት ይችል ነበር ወይ፣ መንግሥትን መቃወምስ የሚሉት ጥያቄዎች ከተማሪዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ከዚህ ሁሉ ትምህርት ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ማስተማር የሚችል መምህር ቢኖር ይህንን እንዲያስተምር እመክረዋለሁ።

የቀይ ሽብር ዘመን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሜይ ዴይ ዋዜማ በአዲስ አበባ ብዙ ወጣቶች ተገድለዋል፤ ብዙዎቹ በተማሪዎቻችሁ ዕድሜ ነበሩ። በክፍሉ ውስጥ የሟችም የገዳይም ቤተሰብ ሊኖር ስለሚችል ማንም ተማሪ የቤተሰቡን ታሪክ እንዲናገር አይገደድ፤ ራሱ መናገር ከፈለገ ግን ጊዜ ይሰጠው። በማግስቱ የሚከበረው በዓል እ.ኤ.አ. በ1886 በቺካጎ ስለ ስምንት ሰዓት ሥራ በተደረገው ትግል የተጀመረ መሆኑን ለማስረዳትም ከሚያዝያ 23 በፊት ያለው ሳምንት አመቺ ነው።

የጡረተኛ ሠራተኞችን መጠየቅ

ተማሪዎች ለቃለ መጠይቅ ሲሄዱ «አድማ ላይ ነበሩ ወይ?» ብለው ከጀመሩ አዛውንቱ ወይ ይዘጋሉ ወይ ጋዜጣ ላይ ያነበቡትን ይደግማሉ። በነገር ይጀምሩ፦ የድሮ የሥራ መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተር፣ የደመወዝ መክፈያ ቁራጭ ወረቀት፣ የማኅበር አባልነት ካርድ። «አባባ፣ ይህ ተቆራጭ የምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ስለ መዋጮ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ካፊቴሪያና ስለ ፎርማን የአንድ ሰዓት ወሬ ያወጣል። የፈረቃ ሰዓት፣ የሥራ ላይ አደጋ፣ ሴቶች ሲያረግዙ ምን ይሆኑ እንደነበር ይጠየቅ፤ ዛሬ በሕግ 120 ቀን የሆነውን የወሊድ ፈቃድ ከእናቶች ትዝታ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ ለመቅዳት ፈቃድ ይጠይቁ፣ ስም በጽሑፉ ላይ እንዲወጣ ባለታሪኩ ካልፈቀዱ አያውጡ።

ወገን ሳይዙ ማስተማር

በአንድ ክፍል ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛም የፋብሪካ ባለቤትም ልጅ አለ። ጉዳዩን አስቀድመው ለርዕሰ መምህሩ አስረድተው፣ አንድ የማኅበር ሊቀ መንበርና አንድ የድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ በአንድ ቀን ቢጋብዙ ብዙ ጥርጣሬ ይወገዳል። የማኅበራቱንም ጉድለት አይሸፍኑ፤ በኢሠአማ ውስጥ የገንዘብ ምዝበራ፣ የምርጫ ማጭበርበርና አድልዎ ነበር፤ ማኅበሩም ከከተማ ወጣ ብሎ ብዙ አልደረሰም። ጉድለቱን የሰማ ተማሪ የተቀረውንም ያምናል።

ገለልተኛ መሆን ግን ሕጉን አለመናገር ማለት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 42ኛ አንቀጽ የመደራጀትን መብት ያውቃል፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ሊቋቋም እንደሚችል፣ መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት እንደሆነ፣ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር እንደተከለከለ ይደነግጋል። ይኸው አዋጅ የቤት ሠራተኞችንና የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን በወሰኑ ውስጥ አያካትትም። ሕጉ የተዋቸውን ሰዎች እንዲፈልጉ ማዘዝ ጥሩ የቤት ሥራ ነው፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ እህት ወይም አክስት ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ስለሆነች ጥያቄው ቤታቸው ድረስ ይገባል። ለእነዚህ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በቤይሩት የኢትዮጵያ፣ የፊሊፒንስ፣ የስሪላንካና የሌሎችም አገሮች የቤት ሠራተኞች ተሰብስበው ማኅበር ማቋቋማቸውን፣ የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር ግን ዕውቅና መንፈጉን ይንገሯቸው። ከባቡር ሠራተኞቹ መረዳጃ ማኅበር ጋር እንዲያነጻጽሩትም ይጠይቋቸው፤ እዚህም ማኅበሩ ሕጉን ቀድሟል።

ለምዘና የዓመተ ምሕረት ሽምደዳን አይጠቀሙ። ሦስት ሥራዎች ይበቃሉ፦ የተፈረመው የኅብረት ስምምነት ከአንድ አንቀጽ ማብራሪያ ጋር፣ የቃለ መጠይቁ ግልባጭ፣ እንዲሁም «በ1955 ዓ.ም. ኢሠአማ ለምን ተፈቀደ?» ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ ሁለት ማስረጃ የጠቀሰ የአንድ ገጽ መልስ። ነጥቡን ሲሰጡ ተማሪው ለየትኛው ወገን እንደቆመ ሳይሆን ማስረጃውን እንዴት እንደተጠቀመበት ይዩ። ባለታሪኮቹ የፈቀዱባቸውን ግልባጮች በቀንና በሥራ ቦታ ለይተው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጡ፤ አንድ ቅጂም ለባለታሪኮቹ ቤተሰብ ይድረስ።